አንድ ነዳፊና አሥር አዛዥ

በአዲስ አበባ ጎዳና የሚያልፍ ሰው ዐይኑን ወደ የትም ቢያዞር ከማስታወቂያ አያመልጥም። በሕንፃው ግንባር ላይ ቢልቦርድ፣ በሱቁ በር ላይ ስቲከር፣ በአውቶቡሱ ጐን ላይ ጽሕፈት፣ በኪሱ በያዘው ስልክ ላይ ደግሞ በየደቂቃው የሚለዋወጥ ሥዕል ይጠብቀዋል። ይህን ሁሉ የሚያዘጋጁት ታላላቅ ድርጅቶች ብቻ እንዳይመስሉን። ከአንድ ሕንፃ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ተከራይተው፣ ስድስት ወይም ስምንት ሠራተኛ ይዘው የሚሠሩ ትናንሽ የማስታወቂያ ሥራ ድርጅቶችም ከሥራው ድርሻ አላቸው። ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው በነዚህ ትናንሽ ድርጅቶች ውስጥ ስለሚገኝ አንድ ወንበርና በዚያ ወንበር ላይ መጀመሪያ ስለሚቀመጠው ሰው ነው።

ይህ ሰው በዛሬው አጠራር ግራፊክ ዲዛይነር ይባላል። እኛ ለአነጋገር እንዲያመቸን ነዳፊ እንለዋለን፤ ሥራው ፊደልን፣ ሥዕልንና ቀለምን በአንድ ገጽ ላይ አስማምቶ ንድፍ ማውጣት ነውና። ትንሹ ድርጅት ሲቋቋም ብዙ ጊዜ የራሱ ነዳፊ የለውም። ሥራ ሲመጣ በየሥራው እየተከፈላቸው ከውጭ የሚሠሩትን ይጠራል፤ አለዚያም ማተሚያ ቤቱ ራሱ እንዲያዘጋጅለት ይለምናል። ደንበኞቹ እየበዙ ሲሄዱ ግን ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ያሰላና «ለውጭ ሰው በየጊዜው ከምንከፍል የራሳችንን ሰው በወር ደመወዝ ብንቀጥር ይሻላል» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው። ጠረጴዛ ይገዛል፣ ኮምፒዩተር ይገዛል፣ ነዳፊውም ወንድ ይሁን ሴት ሰኞ ጠዋት ሥራ ይጀምራል። ችግሩ የሚመጣው ከማክሰኞ ጀምሮ ነው።

ማክሰኞ ባለቤቱ መጥቶ የአንድ ቡና ላኪ ብሮሹር ያዝዛል። ከእርሱ በኋላ የሽያጭ ኃላፊዋ ለደንበኛ ቃል የገባችበትን ባነር ለማታ ትፈልጋለች። የሒሳብ ሠራተኛው ደግሞ «ይህቺ እንኳ የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት» ብሎ አንድ ቅጽ እንዲያስተካክልለት ይጠይቃል። ደንበኛው በቀጥታ ደውሎ «ሎጎውን ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ይላል፤ የደንበኛው ወንድም ከአንድ ሰዓት በኋላ ደውሎ እንዲያንስ ያዝዛል። ፕሪንተሩ ወረቀት ሲይዝ የሚጠራው ነዳፊው ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚጠራው እርሱ ነው፤ ኮምፒዩተር ፊት የሚውል ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይገመታልና። ቅዳሜ ሲደርስ የባለቤቱ የእኅት ልጅ የሠርግ ጥሪ ካርድና የአንድ ጎረቤት የሙት ዓመት መታሰቢያ ይጨመርበታል። ይህን እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ አንዱ ሰው የአሥር ሰው ታዛዥ ሆኖ ይውላል። ከአሥሩ አዛዦች መካከል ግን «ይህ ሥራ በዚህ ምክንያት መልካም ነው፤ ያ ደግሞ በዚያ ምክንያት መጥፎ ነው» ብሎ በማስተዋል የሚፈርድለት አንድም አይገኝም።

እኛ የነገሩን ክብደት የምናየው ከዚህ ከመጨረሻው ላይ ነው። ሥራ መብዛቱ በማንኛውም ትንሽ ድርጅት ያለ ነው፤ ወጣትም በሥራ ብዛት አይሞትም። ነገር ግን ጀማሪው መካኒክ ከዋናው መካኒክ አጠገብ ቆሞ ይማራል፤ የልብስ ሰፊው ተማሪ የጌታውን መቀስ እያየ ይማራል። የመጀመሪያው ነዳፊ ጀማሪውም ዋናውም እርሱ ራሱ ነው። ጉድለቱን የሚነግረው ማተሚያ ቤቱ ነው፤ ያውም ሺሕ ቅጂ ከታተመ በኋላ። እንዲህ ያለ ሰው ከጊዜ በኋላ ከሁለት አንዱን ይሆናል። ወይ የታዘዘውን ብቻ እየተጫነ የሚያወጣ የቁልፍ ሠራተኛ ይሆናል፤ ወይ ደግሞ አንድ ቀን ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል። ከእርሱ ጋርም የትኛው ሥራ የት እንደ ተቀመጠ የሚያውቀው ብቸኛ ሰው ይሄዳል፤ ድርጅቱም እንደ ገና ከሰኞ ጠዋት ይጀምራል።

ነገሩን በደንብ ለመረዳት ይህ ሥራ ቀድሞ እንዴት ይከፋፈል እንደ ነበረ ማስታወስ ይጠቅማል። አባቶቻችን አንድ የብራና መጽሐፍ ሲያዘጋጁ ብራና ፋቂው ቆዳውን ያለሰልሳል፤ ጸሐፊው በወስፌ እየወጋ መስመሩን ያሰምርና ዐምዱን ጠብቆ በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ ሠዓሊው በተተወለት ባዶ ስፍራ ሥዕሉንና ሐረጉን ያገባል፤ ዐዋቂው አንብቦ ያርማል፤ በመጨረሻም ጠራዡ ይጠርዛል። አንዳንድ ጊዜ አንዱ ሰው ሁለቱን ሙያ ቢደርብም የእያንዳንዱ ሙያ ድንበር የታወቀ ነበር። የማተሚያ ዘመን ሲመጣ ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ አያሌ ባለሙያዎች የሠሩበት የፊደል ለቃሚነት ሥራ ነበረ። ፊደል ለቃሚው ከሣጥኑ እያንዳንዱን የእርሳስ ፊደል በእጁ እየለቀመ ቃሉን ይደረድራል። የላቲን ፊደል 26 ሲሆን የእኛ ዋናዎቹ ብቻ 33 በ7 ተባዝተው 231 ናቸውና የእርሱ ሣጥን ሰፊ፣ ሙያውም ብርቱ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነበረ። ከእርሱ ቀጥሎ አራሚው፣ ከአራሚው ቀጥሎ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ በሌላ ወገን ደግሞ ሠዓሊውና ፎቶ አንሺው ነበሩ።

ዛሬ ይህ ሁሉ ሙያ በአንድ ወንበር ላይ ተሰብስቧል። ነዳፊው ፊደሉን ይለቅማል፣ ፎቶውን ያርማል፣ ገጹን ያደላድላል፣ ብዙ ጊዜም ጽሑፉን የሚያርመው እርሱ ነው። በዚያ ላይ የቀለሙን ጠባይ ማወቅ አለበት። የኮምፒዩተሩ መስተዋት ቀለምን የሚያወጣው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ማተሚያው ግን የሚሠራው በአራት ቀለም፣ ማለት በሳያን፣ በማጄንታ፣ በቢጫና በጥቁር ነው። ስለዚህ በመስተዋት ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲወርድ ሊደበዝዝ ይችላል። በስልክ ላይ አምሮ የታየው ፎቶ ለባነር ሲዘረጋ ይበጣጠሳል፤ በእጅ ተይዞ ለሚነበብ ሕትመት የሚፈለገው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነውና። ገጹ በመቁረጫ ሲከረከም ነጭ ጠርዝ እንዳይወጣ በየጐኑ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ትርፍ መተው አለበት። «የአምስት ደቂቃ ሥራ» የሚባለው ይህን ሁሉ በውስጡ ይዟል።

ሥራው በጥድፊያ ሲሠራ መጀመሪያ የሚጐዳው አማርኛው ነው። ይህን አንባቢያችን በየመንገዱ ሊያየው ይችላል። ነዳፊው ጊዜ ሲያጣ ከኢንተርኔት ላይ የተዘጋጀ ንድፍ ያወርዳል። ንድፉ የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። ላቲን ታላቅና ታናሽ ፊደል ስላለው ርእሱን በታላቁ፣ ዝርዝሩን በታናሹ ይለያል። የእኛ ፊደል እንዲህ ያለ መለያ የለውም፤ ርእስ ከዝርዝር የሚለየው በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለምና በዙሪያው በሚተው ስፍራ ነው። የጥንት ጸሐፍት በቀይ ቀለም የለዩት ይህን ዐውቀው ነው። በባዕድ ንድፍ ውስጥ የፈሰሰ አማርኛ ግን ተጨናንቆ፣ መስመሩ በመስመር ላይ ተደራርቦ ይቀራል። በሱና በሲ መካከል ያለው ልዩነት ትንሿ ቅጥያ ከቋሚው ወገብ ወይም ከእግሩ ሥር መውጣቷ ብቻ ነው። ፊደሉ ያለ ልክ ሲወፍር ወይም ሲጠብ ያቺ ቅጥያ ትዋጣለች፤ ከመንገድ ማዶ ያለ አንባቢም መገመት እንጂ ማንበብ አይችልም።

በእርግጥ በዚህ ረገድ ከቀድሞው የተሻለ ዘመን ላይ ነን። የግዕዝ ፊደል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ አዘጋጅ ለፊደሉ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጕም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ዛሬ ያ ችግር በአብዛኛው ተወግዷል፤ በነጻ የሚገኙ መልካም የፊደል ቅርጾችም አሉ። ቢሆንም ለላቲን ከተሠራው ጋር ሲመዛዘን ምርጫችን እጅግ ጠባብ ነው። ጊዜ የተሰጠው ነዳፊ ይህን ጉድለት የርእሱን ፊደል በእጁ ሥሎ ሊሞላው ይችላል። ጊዜ ያልተሰጠው ግን ሁሉ የሚጠቀምበትን ያንኑ ፊደል ለባንኩም፣ ለዳቦ ቤቱም፣ ለሐዘን መግለጫውም ይለጥፋል።

«ታዲያ ይህ የውበት ጉዳይ አይደለምን? ማስታወቂያ ባያምር ማን ይጐዳል?» የሚል ይኖር ይሆናል። የሚጐዳው አንባቢው ነው። ለምሳሌ አንድ ትንሽ ድርጅት የልጆች ክትባት የሚሰጥበትን ቀን የሚያስታውቅ ወረቀት እንዲያዘጋጅ ታዘዘ እንበል። በወረቀቱ ላይ የሥራው ተባባሪዎች ሁሉ ሎጎ እንዲገባ ይታዘዛል፤ የአለቃው መልእክት እንዲገባ ይታዘዛል፤ የሚሥቅ ሕፃን ፎቶም ይገባል። አሥሩ አዛዦች ሁሉ የየራሳቸውን ካስገቡ በኋላ ቀኑ፣ ሰዓቱና ጤና ጣቢያው ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ይጻፋሉ። ልጇን ያዘለች እናት በጤና ጣቢያው በር ቆማ የምትፈልገው ግን ያንኑ ከግርጌ ያለውን ነው። ለእርሷ ጠበቃ ሆኖ «ቀኑ ከላይ ይሁን፤ ሎጎዎቹ ከታች ይሁኑ» ሊል የሚገባው ሰው ነዳፊው ነው። እንዲህ ብሎ ለመናገር ግን በድርጅቱ ውስጥ አንድ ቃል የሚሰማለት ሰው መሆን አለበት።

የባለቤቱንም ወገን መመልከት ፍርድ ነው። የትንሽ ድርጅት ባለቤት በየወሩ ደመወዝና የቤት ኪራይ ይጠብቀዋል፤ ደንበኛው የሚከፍለው ግን ሥራውን ከተረከበ ከስንት ወር በኋላ ሊሆን ይችላል። አንድ ደንበኛ ቅር ቢለው ድርጅቱ ይናጋል። ስለዚህ ደንበኛው «ለነገ» ሲል ባለቤቱ «እሺ ለነገ» ይላል። የቀጠረውም ሰው በወር የሚከፈለው ስለ ሆነ ተቀምጦ ሲያስብ ባየው ጊዜ ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል። ይህን ጭንቀት አቃለን የምንመለከተው አይደለም። ነገር ግን የራሱን ሒሳብ ወስደን ብናሰላው እንኳ የሚጠቅመው ይህ አሠራር እንዳልሆነ እናያለን። አምስት ጊዜ የተመላለሰ ብሮሹር የአምስት ቀን ደመወዝ በልቷል። ሳይታረም ታትሞ የተጣለ ባነር ወረቀቱንና ቀለሙን በልቷል። ነዳፊው ሲለቅ ደግሞ አዲሱ ሰው ሥራውን እስኪለምድ ድረስ ወራት ያልፋሉ።

ይህ ነገር የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በኒው ዮርክ ታላላቅ የማስታወቂያ ቤቶች የተለመደው አሠራር ጸሐፊው ቃሉን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ወደ ሥዕል ክፍሉ መላክ ነበር፤ የሥዕሉ ሰው የሚጠበቅበት ያለቀውን ሐሳብ ማስጌጥ ብቻ ነበር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1949 ግን ኔድ ዶይል፣ ማክስዌል ዴንና ዊልያም በርንባክ የሚባሉ ሰዎች በዚያችው ከተማ አንድ ትንሽ የማስታወቂያ ድርጅት ከፈቱ። ቦብ ጌጅ የተባለውን የሥዕል ኃላፊና ፊሊስ ሮቢንሰን የተባለችውን ጸሐፊ ከመጀመሪያው አብረዋቸው አመጡ። በርንባክም ጸሐፊውና ነዳፊው በአንድ ክፍል አብረው ተቀምጠው ሐሳቡን ከሥሩ አብረው እንዲያወጡ አደረገ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በ1959 የዚያው ድርጅት ሠራተኞች የሆኑት ነዳፊው ሄልሙት ክሮንና ጸሐፊው ጁልያን ኬኒግ ስለ ቮልስዋገን መኪና ያዘጋጁት ማስታወቂያ እስከ ዛሬ ድረስ የሙያው ተማሪዎች የሚማሩበት ሆኗል። ሰፊ ነጭ ገጽ ላይ አንዲት ደቃቅ መኪና ትታያለች፤ ርእሱም ትንሹን አስቡ የሚል ነበር።

ከዚህ የምንማረው ኒው ዮርክን መምሰል አይደለም። ያ ነጭ ስፍራ ባዶ ሆኖ ሊቀር የቻለው ነዳፊው ሐሳቡ ሲወለድ ከጸሐፊው ጋር ስለ ነበረና ባዶው ስፍራ የሐሳቡ ክፍል ስለ ሆነ ነው ብለን እናምናለን። በእኛ ከተማ ቢሆን ኖሮ አንዱ መጥቶ «ይህ ሁሉ ቦታ ለምን ይባክናል? ስልክ ቍጥር አስገባበት» ማለቱ አይቀርም ነበር። ያ ድርጅት ሲጀምር እንደ ዛሬዎቹ ትናንሽ ድርጅቶቻችን ሁሉ ትንሽ ነበረ። ለነዳፊው የሰጠው ስፍራ ግን ትንሽ አልነበረም።

እንግዲህ የመጀመሪያውን ነዳፊ የሚቀጥር ድርጅት ምን ማድረግ ይገባዋል? ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይመስለንም።

አንደኛ፡- አዛዡ አንድ ይሁን። ባለቤቱ ወይም እርሱ የወከለው አንድ ሰው የሁሉንም ጥያቄ ይቀበል፤ የትኛው ቀድሞ የትኛው ኋላ እንደሚሠራ እርሱ ይወስን። ደንበኛም ሆነ የደንበኛ ወንድም ቢደውል ለዚህ ሰው ይደውል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እዚህ ግን ሃምሳው ሰው ሎሚውን ሁሉ አምጥቶ በአንዱ ላይ ሲጭን እናያለን።

ሁለተኛ፡- ትእዛዙ በጽሑፍ ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል። ሥራው ለማን ነው? ያነበበው ሰው ምን እንዲያደርግ ይፈለጋል? የት ይታያል፣ በምን ያህል መጠን፣ በየትኛው ቋንቋ? መቼ ይደርሳል? የሚያጸድቀው ማን ነው? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያልተገኘለት ሥራ ባይጀመር ይሻላል። ጽሑፉም ታርሞ አልቆ ይምጣ፤ ከተነደፈ በኋላ ሦስት ዐረፍተ ነገር መጨመር ቤቱ ከተሠራ በኋላ ምሰሶውን እንደ ማዛወር ነው።

ሦስተኛ፡- ዓመቱ አስቀድሞ ይታሰብ። በየበዓሉ ዋዜማ ደንበኛ ሁሉ የመልካም ምኞት መግለጫ ይፈልጋል። ጳጉሜን ሲገባ ነዳፊው አደይ አበባ ለአሥራ ሁለት ድርጅት በአንድ ሌሊት ሲሥል ያድራል፤ አሥራ ሁለቱም አደይ አበባ በማግሥቱ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። ነገር ግን እንቁጣጣሽ መስከረም 1 ቀን፣ መስቀል መስከረም 17 ቀን፣ ጥምቀት ጥር 11 ቀን፣ የዓድዋ በዓል የካቲት 23 ቀን መሆኑ ለማን ተሰውሮ ነው? ገና ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል። ፋሲካም ቢሆን በባሕረ ሐሳብ ተቈጥሮ ቀድሞ ይታወቃል። ቀኑ በጨረቃ መታየት የሚወሰነው ዒድ እንኳ በየትኛው ሳምንት እንደሚውል አስቀድሞ ይገመታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ላለው ሥራ ይመስላል። በሰኔና በሐምሌ ረጋ ባለው ጊዜ የመጪው ዓመት ንድፍ ቢጀመር መስከረም በሰላም ይገባል።

አራተኛ፡- የሚፈርድለት ሰው ይገኝለት። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ከሚጠራው ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት ሥራው በመምህራንና በጓደኞቹ ፊት ሲመረመር የኖረ ነው። ወደ ትንሹ ድርጅት ሲገባ ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይቋረጥበታል፤ በራሱ ጥረት ተምሮ የመጣው ደግሞ ከመጀመሪያውም አላገኘውም። በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን አንድ የበሰለ ባለሙያ ጋብዞ የወሩን ሥራ በግድግዳ ላይ ሰቅሎ መነጋገር ለድርጅቱ ከባድ ወጪ አይደለም። ነዳፊውም በየጊዜው ማተሚያ ቤት ሄዶ የራሱ ሥራ ከማሽኑ ሲወጣ ይይ። በመስተዋት ላይ ያየው ቀለም በወረቀቱ ላይ ምን እንደ ሆነ በዐይኑ ያየ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ተጠንቅቆ ይመርጣል።

አምስተኛ፡- ውሉ ግልጽ ይሁን። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጣሪ በሥራው ያዘጋጀው ነገር ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ባለቤትነቱ የአሠሪው ነው። ይህ ትክክል ነው፤ ደመወዝ የከፈለው እርሱ ነውና። ነገር ግን ነዳፊው ነገ ሌላ ሥራ ሲጠይቅ «ይህን የሠራሁ እኔ ነኝ» ብሎ ሊያሳይ እንዲችል በውሉ ላይ አንድ መስመር ቢጻፍለት ድርጅቱ የሚጐድልበት የለም። በሌላ ወገን ደግሞ «እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ» ተብሎ የሰውን ሎጎ እንዲቀዳ የሚታዘዝ ነዳፊ አለ። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ከሌላው ጋር የሚያደናግር ምልክት ተቀባይነት የለውም። ስለዚህ ነዳፊው «ይህ የሌላ ሰው ነው» ብሎ ሲያስጠነቅቅ ድርጅቱንም ደንበኛውንም ከክስ እያዳነ መሆኑ ሊታወቅለት ይገባል።

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ቀጣሪው ነው። ተቀጣሪው ነዳፊም በበኩሉ ዕዳ አለበት። ከነዳፊዎች መካከል አስተያየት ሲሰጣቸው እንደ ስድብ የሚቈጥሩ፣ «ደንበኛው አይገባውም» ብለው የሚያኰርፉ አይጠፉም። ደንበኛው ስለ ፊደል ላያውቅ ይችላል፤ ስለ ገበያው ግን ከማንም ይልቅ ያውቃል። «ሎጎውን ከፍ አድርግልኝ» ያለው ሰው ምናልባት «ስሜ አልታይህ አለኝ» ማለቱ ነው። ዐዋቂ ነዳፊ «ለምን?» ብሎ ይጠይቅና ስሙ የሚታይበትን ሌላ መንገድ ያሳየዋል። አሥር ዓይነት ንድፍ አቅርቦ ደንበኛውን ከማደናገር ሁለት አቅርቦ ምክንያቱን ማስረዳት ይሻላል።

ከዚህም ሌላ የመጀመሪያው ነዳፊ ለሚከተለው ሰው የሚተወው ነገር አለ። እያንዳንዱን ሥራ በደንበኛው ስምና በቀኑ ሰይሞ በሥርዓት ማስቀመጥ፣ የደንበኛውን ቀለምና ፊደል መዝግቦ መያዝ፣ በሁለት ስፍራ ገልብጦ ማኖር ነው። ፋይሉን ደብቆ «ያለ እኔ አይሆኑም» ማለት ለአንድ ወር ሊያስከብር ይችል ይሆናል፤ ለዕድሜ ልክ ግን ስምን ያበላሻል። አማርኛውንም አጥርቶ ማወቅ አለበት። አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ የሚተካ፣ ቃሉን ከማይከፈልበት ቦታ ከፍሎ ወደሚቀጥለው መስመር የሚጥል ሰው በማናቸውም ኮምፒዩተር ቢሠራ ባለሙያ ሊባል አይችልም።

በአሁኑ ጊዜ ደግሞ በትእዛዝ ብቻ ሥዕል የሚያወጣ የኮምፒዩተር ዘዴ ስለ መጣ «ነዳፊ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ ባለቤቶች አሉ። እኛ እንደሚመስለን ይህ ዘዴ ከላይ የተናገርነውን የበለጠ ያጸናዋል። ማሽኑ ሥዕሉን በቶሎ ሊያወጣ ይችላል። ልጇን ያዘለችው እናት በበሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ምን ማየት እንደሚያስፈልጋት የሚያስብላት ግን ሰው መሆን አለበት። የነዳፊው ሥራ የእጅ ፍጥነት ብቻ ነው ብሎ ያመነ ድርጅት እርሱን በማሽን ቢተካው አይደንቅም፤ ከመጀመሪያውም የቀጠረው እጁን ብቻ ነበርና።

ማንኛውም ትልቅ ድርጅት አንድ ቀን የመጀመሪያው ነዳፊ ነበረው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲቀጠሩ ገብተው የሚያገኙት የመጀመሪያው የለመደውን ልማድ ነው። እርሱ በየደጁ እየተጠራ ሎጎ ሲያሳድግና ሲያሳንስ የኖረ እንደ ሆነ ተከታዮቹም እንደዚያው ይኖራሉ። እርሱ ተጠይቆ የሚመክር፣ ሥራው በምክንያት የሚመረመር፣ ጊዜ የተሰጠው ሰው እንደ ሆነ ግን ተከታዮቹም በዚያው ወግ ይሠራሉ። ስለዚህ በዚህ ዓመት የመጀመሪያውን ነዳፊ ለመቅጠር ያሰባችሁ የድርጅት ባለቤቶች ጠረጴዛውንና ኮምፒዩተሩን ከመግዛታችሁ በፊት «የሚያዘው ማን ነው? የሚፈርድለትስ ማን ነው?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ጽፋችሁ እንድትመልሱ እናሳስባለን። መልሱ ከተገኘ ቀሪው በሥራው ላይ ይገኛል።